ገጣሚ የማን ባለዕዳ ናት?

ተሰጥኦ ዕዳ ነው የሚሉ አሉ። አንድ ሰው የማየትና የመናገር ችሎታውን ካሳደገው ሰፈር፣ ቋንቋ ካስተማረችው እናት፣ ታሪክ ካወረሰው ሕዝብ በብድር የወሰደው ነውና፣ ብድር ደግሞ በምድር ነውና፣ በሕይወት ሳለ ሊመልሰው ይገባል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ገጣሚ ለግጥሙ እንጂ ለማንም አይገዛም፤ ለወገን ልክፈል ብሎ የተነሣ ግጥም ገና ሳይጻፍ ወደ ስብከት ይለወጣል ሲሉ ይሟገታሉ። ክርክሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአብዮቱ ዘመን ኪነ ጥበብ ለሰፊው ሕዝብ መቆም አለበት እየተባለ ብዙ ቀለም ፈሷል። በዚያ ጥሪ ሥር ከተጻፈው ውስጥ ዛሬ ማንም የማያነበው ስለሚበዛ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣነው አንባቢዎች ጥያቄው ገና ሲነሣ ፊታችንን እናዞራለን።

ይሁን እንጂ መጥፎ ጠያቂ ስለገጠመው ብቻ ጥያቄው መጥፎ አይሆንም። ካድሬ ሳያዛት፣ ሳንሱር ሳያስፈራራት፣ ጥያቄውን በገዛ ፈቃዷ ለራሷ አቅርባ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመልስ የኖረች አንዲት ገጣሚ አለች። አሜሪካዊቷ ግዌንዶሊን ብሩክስ ናት። የእርሷን መንገድ መከተል፣ በመፈክር የደነዘዘውን ጥያቄ እንደገና ስለት ያወጣለታል ብዬ አምናለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩክስ ሰኔ 7 ቀን 1917 በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ ተወለደች። በተወለደች በጥቂት ሳምንታት ወላጆቿ ወደ ቺካጎ ይዘዋት ሄዱ፤ እስክትሞት ድረስም የቺካጎ ሰው ሆና ኖረች። አባቷ የሕንፃ ጽዳትና ጥበቃ ሠራተኛ፣ እናቷ ቀደም ሲል አስተማሪ ነበሩ። እናቷ የልጃቸውን ዝንባሌ ገና በማለዳው ተረድተው፣ በዘመኑ ስሙ ገናና ከነበረው ጥቁር ባለቅኔ ከፖል ሎረንስ ደንባር ጋር የምትስተካከል ሴት ትሆናለች ይሉ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የመጀመሪያ ግጥሟ በአንድ የልጆች መጽሔት ወጣ። ከዚያም በርካታ ግጥሞቿ «ቺካጎ ዲፌንደር» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ታተሙ። በ1941 ደግሞ ኢኔዝ ከኒንግሃም ስታርክ የተባሉ ባለጸጋ ነጭ ሴት በቺካጎ ደቡብ ክፍል በሚገኘው የጥቁሮች የሥነ ጥበብ ማዕከል የግጥም ትምህርት ሲከፍቱ ከተማሪዎቹ አንዷ ሆነች። በዚያም የዘመናዊውን የእንግሊዝኛ ግጥም ጥብቅ ሥርዓት ቀሰመች። እንግዲህ ተሰጥኦ ዕዳ ከሆነ አበዳሪዎቿ ከጅምሩ ከአንድ በላይ ነበሩ ማለት ነው። እናቷ አሉ፤ የሰፈሯ ጋዜጣ አለ፤ ከከተማው ማዶ የመጡት አስተማሪም አሉ።

የመጀመሪያ መጽሐፏ «አንድ የብሮንዝቪል ጎዳና» በ1945 ሃርፐር በተባለው ትልቅ የኒውዮርክ አሳታሚ ወጣ። ብሮንዝቪል በቺካጎ ደቡብ የሚገኝ የጥቁሮች ሰፈር ነው። የነጭ ሰፈር ባለንብረቶች ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት ውል ስለሚፈራረሙ፣ ከደቡብ ግዛቶች በገፍ የሚመጣው ሕዝብ በጠባቡ መሬት ላይ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። አከራዮች ትልልቁን አፓርታማ እየሸነሸኑ ባለ አንድ ክፍል ቤት ያደርጉታል፤ አንዱን መታጠቢያ ቤት ብዙ ቤተሰብ በወረፋ ይጠቀምበታል። ብሩክስም ካገባች በኋላ በእንዲህ ያለ ቤት ኖራለች። ግጥሞቿ ከዚያው መስኮት የታዩ ናቸው። ከጎረቤት ድስት የሚወጣው ሽታ፣ ገላ ለመታጠብ ተራ የሚጠብቀው ሰው፣ ከጦርነት የተመለሰው ወታደር፣ ለእሑድ አምሮ የሚለብሰው ጎረምሳ አሉበት።

አሳታሚው የግጥሞቹን ረቂቅ ለታዋቂው ጥቁር ደራሲ ለሪቻርድ ራይት አሳይቶት ነበር። ራይት ሥራውን አደነቀ፤ እንዲታተምም መከረ። አንዱ ግጥም ግን እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ያስወረደቻቸውን ልጆቿን የምታነጋግር እናት የምትናገርበት ግጥም ነው። ጉዳዩ ለግጥም የሚሆን አልመሰለውም። ብሩክስ ግጥሙን አላወጣችውም። ልብ በሉ፤ ራይት የወገን ጠላት አልነበረም፤ የሕዝቡን በደል በመጻፍ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሆኖም ያ ሕዝብ በወጥ ቤትና በአልጋ አካባቢ የሚሸከመው ሐዘን ከትልቁ የሕዝብ ጉዳይ ውስጥ ይቆጠራል ብሎ አላሰበም። ሴቲቱ ገጣሚ ግን ቆጠረችው። «ለሕዝብ ጻፊ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሕዝቡን ግማሽ ረስቶ እንደሚናገር ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፏ «አኒ አለን» በ1949 ታተመና በ1950 የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኘላት። ይህን ሽልማት በማንኛውም ዘርፍ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ብሩክስ ራሷ እንደተረከችው የምሥራቹ በስልክ ሲነገራት ቤቷ ጨለማ ነበር፤ የመብራት ሒሳብ ባለመከፈሉ ተቆርጦባቸዋል። በማግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲመጡ በሐፍረት ተሳቀቀች። እነርሱ መሣሪያቸውን ሲሰኩ ግን መብራቱ በራ።

የተሸለመው መጽሐፍ ታዲያ የመብራት ሒሳብ ለመክፈል የሚቸገረው ጎረቤቷ የሚያነበው ዓይነት ነበርን? አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ። በመጽሐፉ መካከል ያለው ረጅም ግጥም ርእሱን ከሆሜር «ኢሊያድ» ጋር አዛምዶ፣ በሰባት በሰባት ስንኝ አንጓ ተቀንብቦ፣ የአንዲት ተራ ጥቁር ልጃገረድን ፍቅርና ስብራት እንደ ጀግና ገድል ይተርካል። ቃላቱ ብርቅ፣ አሰካኩ ጠጣር ነው። በኋላ ዘመን እንደ ልጅ የምታየው ወጣቱ ገጣሚ ዶን ሊ (ሐኪ ማድሁቡቲ)፣ ለግለ ታሪኳ በጻፈው መግቢያ ላይ፣ ይህ መጽሐፍ በነጮች ዘንድ ተከበረ እንጂ ጥቁሮች አላነበቡትም ሲል በግልጽ ወቅሷታል። ወቀሳውን በገዛ መጽሐፏ መግቢያ ላይ እንዲታተም መፍቀዷ ራሱ ስለ ሴትዮዋ ብዙ ይናገራል።

ከማዶም ሌላ የሒሳብ ወረቀት መጣላት። በ1963 የተመረጡ ግጥሞቿ ሲወጡ ሉዊስ ሲምፕሰን የተባለው ነጭ ገጣሚ በጋዜጣ ላይ ሐሳቡን ሰጠ። ጥቁር ሰው ጥቁርነቱን ሳያሳውቅ በደንብ ሊጽፍ መቻሉን ተጠራጠረ፤ ዞሮ ደግሞ ጉዳዩ ጥቁርነት ብቻ ከሆነ ጽሑፉ ከቁም ነገር አይገባም አለ። ይህን ስናስተውል ገጣሚዋ ከሁለት ወገን ትጠየቅ እንደነበር እንረዳለን። አንዱ ወገን «ለእኛ ብቻ ጻፊ» ሲል ሌላው «ከእነርሱ ተላቀሽ ለሰው ልጅ ሁሉ ጻፊ» ይላታል። የኒው ኢንግላንድን ገበሬና የድንጋይ አጥር የገጠመውን ሮበርት ፍሮስትን ግን «የምትጽፈው ስለ ነጭ ገበሬ ብቻ ነውና ከቁም ነገር አይገባም» ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ዕዳ አለብሽ የሚባለው ማን እንደሆነና ማን በነፃ እንደሚታለፍ ማየት የጥያቄው አንድ ክፍል ነው።

ለሁለቱም ወገን የሰጠችው መልስ በ1960 በታተመው «ዘ ቢን ኢተርስ» በተባለው መጽሐፏ ውስጥ ይገኛል። በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የአሥራ አራት ዓመት የቺካጎ ልጅ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሚሲሲፒ ሄዶ ሳለ፣ አንዲት ነጭ ባለሱቅን ደፈረ ተብሎ በጭካኔ ተገደለ። ፍርድ ቤት የቀረቡትን ሁለት ነጮች ሁሉም ነጮች የሆኑ ዳኞች በነፃ አሰናበቷቸው። ብሩክስ የአንድ ከተማ ልጅ ናት፤ እርሷም የወንድ ልጅ እናት ናት። ከማንም በላይ የሟቹን እናት ሆና ማልቀስ ትችል ነበር። እርሷ ግን በረጅሙ ግጥሟ የገባችው ምክንያት ወደሆነችው ነጭ ሴት ወጥ ቤት ነው። ሴቲቱ ለባሏና ለልጆቿ ቁርስ ታሰናዳለች፤ በተረት የሰማችውን የክፉ አውሬና የደግ መስፍን ታሪክ ከሆነው ነገር ጋር ታስተያያለች። አውሬ የተባለው ሕፃን ሆኖ ታገኘዋለች፤ የባሏ እጅ ሲነካት ይዘገንናታል። ለሟቹ እናት የተሰጠው ቀጥሎ የመጣ አንድ አጭር ግጥም ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉ የነጯ ሴት ሐሳብ በኋላ የጥቁሯ እናት ዝምታ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህ ግጥም ለወገን ነው ወይስ ለሰው ልጅ ሁሉ? ጥያቄው እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል።

ስለ ብሩክስ የሚጻፉ ታሪኮች ሕይወቷን ለሁለት የሚከፍሏት በ1967 ነው። በዚያ ዓመት በናሽቪል በፊስክ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ደራስያን ጉባኤ ተካሄደ። አሚሪ ባራካን የመሳሰሉ፣ ጥቁር ገጣሚ ለጥቁር ሕዝብ ስለ ጥቁር ሕዝብ መጻፍ አለበት የሚሉ እሳት የላሱ ወጣቶች ተሰብስበዋል። የሃምሳ ዓመቷ ባለ ፑሊትዘር እዚያ የጠበቃት ሙቀት የሌለው አክብሮት ነበር። ነገር ግን በወጣቶቹ አልተቀየመችም፤ አዳመጠቻቸው። ወደ ቺካጎ ስትመለስ ብላክስቶን ሬንጀርስ ከሚባለው የሰፈር ወሮበላ ቡድን ጋር ግንኙነት ላላቸው ወጣቶች የግጥም ትምህርት ጀመረች። ቤቷን ለወጣት ገጣሚዎች ከፈተች። አብረው ወደ መጠጥ ቤት ገብተው ለጠጪው ግጥም አነበቡ። ከዚህ በኋላ ታሪኩ እንደ ቅዱሳን ገድል ይተረካል። ለነጭ ትጽፍ የነበረችው ሴት በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን ወርዶላት ለወገኗ መጻፍ ጀመረች ይባላል።

ይህን አተራረክ አልቀበለውም። የማልቀበልበት ምክንያት እዚያው በ1967፣ በነሐሴ ወር ውስጥ ይገኛል። ነሐሴ 15 ቀን በቺካጎ መሐል ከተማ ፒካሶ የነደፈው፣ ቁመቱ ወደ 15 ሜትር የሚደርስ የብረት ቅርጽ ተመረቀ። ብሩክስ በከተማው ከንቲባ ተጋብዛ ለምረቃው ግጥም ጻፈች። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 27፣ በደቡብ ቺካጎ በ43ኛው መንገድ ላይ ባለ አንድ ያረጀ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሠዓሊዎች የሣሉት «የክብር ግድግዳ» ተመረቀ። ማልኮም ኤክስ፣ መሐመድ አሊና ኒና ሲሞን ተሥለውበታል፤ ብሩክስ ራሷም ከተሣሉት መካከል አለች። ለዚህም ግጥም ጻፈች። ሁለቱን ግጥሞች በ1968 በታተመው መጽሐፏ አንድ ላይ፣ በአንድ ርእስ ሥር አኖረቻቸው። በመጀመሪያው፣ ጥበብ ሰውን ከምቾቱ የሚያስነሣ አስቸጋሪ እንግዳ ነው ትላለች። በሁለተኛው በሕዝቡ መካከል ቆማ የሕዝቡን ደስታ ትካፈላለች። ተለወጠች ከተባለችበት ጉባኤ በኋላ የጻፈችውን የፒካሶውን ግጥም አልጣለችውም፤ ከግድግዳው ግጥምም አላሳነሰችውም።

ያ መጽሐፍ «ኢን ዘ መካ» ነው። ስሙ ከተቀደሰችው ከተማ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መካ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለባለጸጎች የተሠራ፣ በኋላ የድሆች መጨናነቂያ የሆነና በ1952 የፈረሰ የቺካጎ አፓርታማ ነው። ብሩክስ በወጣትነቷ እዚያ ለሚኖር የመድኃኒትና የክታብ ሻጭ ለጥቂት ወራት ሠርታ ነበር። ከ800 ስንኝ በላይ በሆነው በዋናው ግጥም አንዲት እናት ከሥራ ስትመለስ ከልጆቿ ትንሿን ታጣታለች፤ በየበሩ እያንኳኳች ትጠይቃለች። ጎረቤት ሁሉ በራሱ ሐሳብ ተጠምዷል፤ ልጅቷን ያየ የለም። በመጨረሻ ልጅቷ በአንዱ ጎረቤት አልጋ ሥር ተገድላ ትገኛለች። ገዳዩ ከማዶ የመጣ ነጭ አይደለም። ለወገን ዕዳ መክፈል ማለት ወገንን ማሞገስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ግጥም ቢያነብ ይደነግጣል። አጻጻፉም ቢሆን አልቀለለም፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ ሥራዎቿ ይከብዳል።

ታዲያ በ1967 ምን ተለወጠ? እኔ እንደሚመስለኝ የተለወጠው ታማኝነቷ ሳይሆን አድራሻዋ ነው። ቀድሞ ስለ ጎረቤቶቿ ትጽፍ ነበር፤ አሁን ለእነርሱም ጭምር መናገር ፈለገች። ለዚህም ዋጋውን የከፈለችው ከራሷ ኪስ ነው። «ኢን ዘ መካ» በሃርፐር የወጣ የመጨረሻ አዲስ የግጥም መጽሐፏ ሆነ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ጊዜ ስለተነሣው ሁከት የጻፈችውን «ራየት» በ1969 የሰጠችው ደድሊ ራንዳል የተባለው ገጣሚና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በ1965 በዲትሮይት ለመሠረተው ለብሮድሳይድ ፕሬስ ነው። ብሮድሳይድ ሥራውን የጀመረው አንዳንድ ግጥም በነጠላ ወረቀት እያተመ በርካሽ በመሸጥ ነበር። ከታላቁ አሳታሚ መውጣት ማለት ከትልልቅ መጻሕፍት መደብሮችና ከጋዜጣ ሒስ ዓምዶች መራቅ ማለት ነው። ይህን እያወቀች ገባችበት። በ1968 የኢሊኖይ ግዛት ባለቅኔ ተብላ ስትሾም ሹመቱን ለጌጥ አልያዘችውም። ለተማሪዎች የግጥም ውድድር አቋቁማ ሽልማቱን ከራሷ ገንዘብ ትሰጥ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱና በየእስር ቤቱ እየዞረች ታነብ ነበር።

የኋለኞቹ ግጥሞቿ ከቀድሞዎቹ ያንሳሉ የሚሉ ሐያስያን አሉ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አንዳንዶቹ ለመድረክ የተዘጋጁ ናቸውና በወረቀት ላይ ይቀዘቅዛሉ። እርሷም ብትሆን በመጠጥ ቤት ያለውን ሰው የሚይዝ፣ ግን ግጥምነቱን የማይለቅ አጻጻፍ እየፈለገች እንደሆነና ገና እንዳላገኘችው በቃለ ምልልሶቿ ተናግራለች። የመደምደሚያ ሐሳቤም ከዚህ ይጀምራል። ዕዳውን ለመክፈል ስትል እጇን ማስነፍ አልፈለገችም፤ የሚከፈለው ገንዘብ ሐሰተኛ ከሆነ ዕዳው እንደማይሰረዝ ታውቅ ነበርና።

በእርግጥም ከመፈለጓ በፊት አንድ ጊዜ አግኝታው ነበር። በ1959 በመጽሔት የወጣ ባለ ስምንት መስመር ግጥም ነው። በትምህርት ሰዓት ፑል ቤት ውስጥ የሚጫወቱ ሰባት ልጆች ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። ቃላቱ በእንግሊዝኛው ሁሉም ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያነባቸዋል። «እኛ» የሚለው ቃል በየመስመሩ መጨረሻ እየተንጠለጠለ የልጆቹን ፉከራና ፍርሃት በአንድ ትንፋሽ ያሰማል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ «እኛ» የለም። ጥበቡ «አኒ አለን» ውስጥ ካለው ጥበብ አያንስም፤ ልዩነቱ መሰላሉን አንሥታ መደበቋ ነው። ብሮድሳይድ ይህን ግጥም በነጠላ ወረቀት ያተመው በ1966፣ ማለትም «ከመለወጧ» አንድ ዓመት በፊት ነው።

እንግዲህ ተሰጥኦ ዕዳ ነውን? አዎን፣ ነው እላለሁ። ብሩክስ ያለ እናቷ፣ ያለ ሰፈሯ ጋዜጣ፣ ያለ መስኮቷ ብሩክስ አትሆንም ነበር። ግን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ይህን ዕዳ ባለዕዳው ብቻ ነው መጠየቅ የሚችለው። ሌላ ሰው ሲጠይቀው ግብር ይሆናል፤ ግብር ደግሞ ሰብሳቢ አለው፤ ሰብሳቢ ካለ ሳንሱር ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ አበዳሪው የመክፈያውን ዓይነት አይወስንም። ራይት እንድታወጣው የጠየቃት ግጥም፣ ሲምፕሰን ከቁም ነገር ያልቆጠረው ጉዳይ፣ ወጣቶቹ ያልወደዱት ጠጣር ስንኝ፣ ሁሉም የክፍያው አካል ነበሩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንደሚባለው ሕዝብም ብዙ ዓይነት ነው፤ በአንድ ዓይነት ሳንቲም የሚከፈለው ሕዝብ ካድሬ በሐሳቡ የፈጠረው ብቻ ነው።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ቀላልም አይደለም። ሕዝቡ ማንበብ ካልቻለ፣ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ካጣ፣ «በራሴ ሳንቲም ከፍያለሁ» ማለት ማምለጫ አይሆንም ወይ? ይሆናል። ዶን ሊ የወቀሳት በከንቱ አልነበረም። የብሩክስ ታላቅነት ይህን ተቃውሞ ሳታጣጥል ትክክለኛውን መልስ መፈለጓ ላይ ነው። ግጥሙን ከማዋረድ ይልቅ መጽሐፉን አረከሰችው፤ ዋጋውን ማለቴ ነው። አንባቢው እስኪመጣ ከመጠበቅ እግሯን አነሣች። ልጆቹን ለማስደሰት ከማቅለል ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉ ሸለመቻቸው።

ዛሬ በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስፍራዋ የተረጋገጠ ነው። በ1985 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የግጥም አማካሪ ስትሆን ለቦታው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 በ83 ዓመቷ ቺካጎ ውስጥ አረፈች። ከሞተች ከአሥር ዓመት በኋላ ቴራንስ ሄይስ የተባለው ገጣሚ የፑል ቤቱን ግጥም ቃላት በየስንኙ መጨረሻ እያኖረ አዲስ የግጥም ቅርጽ ፈጠረ፤ ቅርጹንም በፑል ቤቱ ስም «ወርቃማው አካፋ» ብሎ ጠራው። ዛሬ ብዙ ገጣሚዎች በዚህ ቅርጽ ይጽፋሉ። የአንድ ሰው ግጥም የሌሎች መጻፊያ ሲሆን፣ ትናንት ተበዳሪ የነበረችው ዛሬ አበዳሪ ሆነች ማለት ነው።

የክብር ግድግዳው በ1971 እሳት ደርሶበት ከዚያ በኋላ ፈረሰ። የፒካሶው ብረት አሁንም መሐል ከተማ ቆሟል። በብሩክስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሁለቱ እኩል ዕድሜ አላቸው፤ ገጽ ለገጽ ሆነው ይነበባሉ።